ከኋላ ስፕሪንግ የሌለው ውድ ሳይክል

ሐዋሳ ውስጥ ይህን ሳይክል ያየ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ቴላዮውን፣ ማለት ጎማና መሪ የሚገጠሙበትን ዋናውን አካል፣ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። "እንዴ! ባዶ ነው እንዴ?" ይላል። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ጎማው ያይና ቅር ይለዋል። "ስፕሪንጉስ?" የለም። ከፊት ብቻ ነው ያለው። "በዚህ ሁሉ ብር ስፕሪንግ እንኳን አላደረጉለትም?"

አይፈረድባቸውም። ሱቅ ደጃፍ ከሚደረደሩት ሳይክሎች ውስጥ የልጅ ዓይን የሚያርፈው መሃሉ ላይ ወፍራም ቀይ ስፕሪንግ ባለው ላይ ነው። ባለ ስፕሪንጉ ውድ፣ የሌለው ርካሽ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ሂሳቡ የሚሰራው እንደዛ ነው። ባጃጅ ለመግዛት ትንሽ በሚቀረው ብር የሚሸጥ ሳይክል ስፕሪንግ ሲጎድለው ሰው ቢገረም ምን ይደንቃል? መልሱን በየመንገዱ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሳይክሉ የአክስቴ ልጅ ነው። ከውጭ ሲመጣ በካርቶን ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ሲመለስ "እዚሁ ይቆይ፣ ቆሞ ከሚበላሽ አንተ ንዳው" ብሎኝ ሄደ። እኔም አላንገራገርኩም። የማን ስራ እንደሆነ አልናገርም፣ ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞም በትልልቆቹ ብራንዶች መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ቴላዮው ካርቦን ነው። ጎማው 29 ኢንች፣ ከፊት 100 ሚሊሜትር የሚወርድ የአየር አሞርዛተር፣ ከፔዳሉ ጋር አንድ ማርሽ፣ ከኋላ 12 ማርሽ። ሁሉም ተደምሮ 9 ኪሎ ከምናምን ነው። ሃርድቴይል ከሚባሉት ነው፣ ከፊት የሚለሰልስ ከኋላ ድርቅ ያለ፣ ለክሮስ ካንትሪ ውድድር የተሰራ።

ክሮስ ካንትሪ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አንድ የአፈርና የድንጋይ ዙር ይመረጣል፣ ዳገት ቁልቁለቱን እየደጋገሙ መዞር ነው። ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ነው። የትልልቆቹ ውድድር ከ1 ሰዓት ከ20 እስከ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ እንዲወስድ ታስቦ ይዘጋጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ልብ ጉሮሮ ላይ ነች። ቁልቁለቱ ለካሜራ ያምራል እንጂ ሰው ከሰው በሰፊው የሚለያየው ዳገት ላይ ነው። ሃርድቴይልን ሃርድቴይል ያደረገውም ይሄው ዳገት ነው።

ከኋላ ስፕሪንግ ለማስገባት ቴላዮውን ለሁለት መክፈል የግድ ነው። የኋላው ክፍል መታጠፍ አለበት። መታጠፊያው ኩሽኔታ ይፈልጋል፣ ኩሽኔታው ቡሎን ይፈልጋል፣ ከዚያ አሞርዛተሩ ራሱ አለ፣ አየሩ፣ ዘይቱ፣ እንዳይፈስ የሚዘጋው ጎሚኒ። በደህና ሳይክል ላይ ይሄ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴ አንድ ኪሎ ተኩል ይጨምራል። የሱቁ ርካሽ ሳይክል ላይማ ስፕሪንጉ ብረት ብቻ ነው። ዘይት የለው፣ የሚያረጋጋው ነገር የለው። ሲጫኑት ይወርዳል፣ ከዚያ መልሶ ያነጥራል። ዳገት ላይ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ጉልበታችሁ ስፕሪንግ ሲያወርድና ሲያወጣ ይውላል። እዚህ ሐዋሳ ያለውን የታቦርን ኮረብታ በዚያ ሳይክል ለመውጣት የሞከረ ልጅ ምን እንደምል ያውቃል፣ መቀመጫው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሳይክሉ ግን እዚያው ነው። ሃርድቴይል ላይ ከኮርቻ ተነስታችሁ ስትረግጡ እግራችሁ ያወጣው ነገር ወደ ጎማው ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ቀን የሚገርመው ቅለቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ትረግጣለህ፣ ይሄዳል። በቃ።

"ታዲያ የዓለም ሻምፒዮኖቹ ለምን ሁለት አሞርዛተር ይይዛሉ?" ይህን የሚጠይቁኝ ዩቲዩብ የሚያዩት ናቸው፣ ልክም ናቸው። እ.ኤ.አ. የ2012ቱን የለንደን ኦሊምፒክ የወንዶች ፍጻሜ ያላያችሁ ፈልጉና እዩት። የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ባለው ሳይክል ነበር፣ የስዊዙ ኒኖ ሹርተር በሃርድቴይል። መጨረሻው ላይ ኩልሃቪ በአንድ ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። በአራት ዓመቱ ሪዮ ላይ ሹርተር ወርቁን አገኘ፣ የያዘው ግን ባለ ሁለት አሞርዛተር ነበር። ከዚያ ወዲህ የውድድር ሜዳዎቹ ድንጋይና ዝላይ በዝቶባቸዋል፣ ባለ ሁለት አሞርዛተሮቹም ክብደታቸው ቀንሷል። ዛሬ የዓለም ዋንጫ ላይ ሃርድቴይል የያዘ ሰው ብርቅ ነው።

ይህን አልደብቅም። እኔ የምለው ስለ ሐዋሳ ነው።

እኛ ጋ ያለው መንገድ ምንድን ነው? የታቦር አቀበት፣ አፈሩ ላላ ያለ፣ መሃል መሃል ላይ ድንጋይ የወጣበት። ወደ አላሙራ የሚወስደው። ከከተማ ወጣ ሲባል በእንሰት አጥር መሃል የሚያልፉት የእግርና የጋሪ መንገዶች። አቧራ አለ፣ የውሃ ቦይ አለ፣ ድንገት የሚገባ ፍየል አለ። ሁለት ሜትር የሚዘለል ቋጥኝ ግን የለም። ለዚህ ዓይነት መሬት ከፊት 100 ሚሊሜትርና ሰፊ ጎማ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከኋላ አሞርዛተር ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲበላ የት ነው የምትገዙት? የመታጠፊያው ኩሽኔታ ላልቶ መንቋቋት ሲጀምር ማን ጋ ነው የምትሄዱት? የባጃጅ ኩሽኔታ በየሱቁ ሞልቷል፣ የዚህኛው መጠን ግን ሌላ ነው። ሰው ከውጭ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ፣ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። እንግዲህ የሃርድቴይልን ትልቁን ነገር ጠይቁኝ ብትሉኝ ቅለቱን አልልም። የሚበላሽ ነገር አለመብዛቱ ነው። ከኋላ አንድ ጎማ፣ አንድ ሞዞ (የጎማው እምብርት)፣ አንድ ፍሬን። አለቀ።

ወደ ክብደቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያወራው እሱን ነው። አስፋልት የሚነዱ ልጆች ደግሞ ይብሳሉ፣ የሀገራችን የሳይክል ታሪክ በአብዛኛው የአስፋልት ነውና። እ.ኤ.አ. ለ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ሳይክል ነጂዎች የላክን ሕዝብ ነን፣ ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። አስፋልት ላይ ሳይክሉ ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ የሚል የውድድር ደንብ አለ። ተራራ ላይ ግን እንዲህ ያለ ወለል የለም። የቻለ የፈለገውን ያህል ያቅልል። ለዚህ ነው ከ800 ግራም በታች የሆነ የካርቦን ቴላዮ ተሰርቶ የሚሸጠው።

ግን ሂሳቡን አብረን እንስራው። 65 ኪሎ የምትመዝኑ ከሆነ፣ ውሃና ልብሱን 2 ኪሎ በሉት። በ13 ኪሎ ሳይክል ጠቅላላው 80 ኪሎ ነው፣ በ9 ኪሎ 76። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጉልበታችሁ ከሞላ ጎደል የሚያልቀው ይህን ኪሎ ወደ ላይ በማንሳት ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ በሚፈጅ ዳገት ላይ የ4 ኪሎው ልዩነት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ውድድር ላይ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው፣ ሰውየው ከዓይን ይጠፋል። አሁን ደግሞ ቴላዮውን ብቻ ከአሉሚኒየም ወደ ካርቦን ቀየራችሁ እንበል። የምታተርፉት ምናልባት 600 ግራም ነው። በዚያው ዳገት ላይ 9 ሰከንድ። ዘጠኝ! 600 ግራም ማለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድና አንድ ሁለት ሙዝ ነው። ለመውጣት ስትነሱ ውሃችሁን ጨልጣችሁ ብትነሱ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ቅለቱ ከየት መጣ? ከየቦታው። ከቸርኬው፣ ከጎማው፣ ከመሪው፣ ከኮርቻው፣ ከማርሹ። ከእነዚህ ውስጥ እግር የሚያውቀው የቸርኬና የጎማውን ነው። የሚሽከረከር ክብደት በተነሳችሁ ቁጥር ማንሳት ብቻ ሳይሆን ማሽከርከርም ይጠይቃል፣ ክሮስ ካንትሪ ደግሞ ኩርባ በዞሩ ቁጥር እንደገና መነሳት ነው። ብር ኖሯችሁ የት ላድርገው ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ ጎማ፣ ቀጥሎ ቸርኬ፣ ቴላዮ መጨረሻ። ሱቆቹ ይህን አይነግሯችሁም፣ በጉልህ የሚታየው ቴላዮው ነዋ።

እንዲህ ስል ካርቦንን የማጣጥል እንዳይመስላችሁ። ካርቦንን ከሚዛን ላይ አውርዳችሁ እዩት፣ የሚገርም ነገር ነው። ክር ነው። ከፀጉር የቀጠነ ክር፣ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ የተነከረ፣ ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ ቅርጽ ውስጥ በሙቀትና በግፊት የበሰለ። የአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ነው። አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት 7.8 ይደርሳል። ዋናው ነገር ግን የክሩ አቅጣጫ ነው። ክሩ በርዝመቱ ሲጎትቱት ሃይለኛ ነው፣ በጎኑ ግን ደካማ። ስለዚህ ሰሪው የቱ ቦታ ላይ ወደየት እንደሚያስተኛው ይመርጣል። ፔዳሉ ያለበት አካባቢ ወደ ጎን እንዳይጣመም አደንድኖ፣ ከኮርቻው ስር ወደ ኋላ ሞዞ የሚወርዱትን ሁለቱን ቀጫጭን ዘንጎች ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ እንዲተጣጠፉ አድርጎ። የኮርቻው ምሰሶም እንዲሁ፣ ቀጭኑ፣ 27.2 ሚሊሜትሩ፣ ስትቀመጡበት ወደ ኋላ ትንሽ ይለጠጣል። የሰፈር ልጆች ስፕሪንጉ የታለ ሲሉኝ እዚያ ጋ ነው የማሳያቸው። አያምኑኝም። እውነት ለመናገር ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ የድንጋዩን ንዝረት ይውጣል እንጂ ጉድጓድን አይውጥም።

ካርቦን ጠላቱ ጭመቃና የድንጋይ ጫፍ ነው። ብረት ይጎብጣል፣ አሉሚኒየም ይሰረጉዳል፣ ካርቦን ግን ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። በያጅ ጋ ወስዶ ማስበየድ የሚባል ነገር ደግሞ የለም።

ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሳይክል መካኒክ አሉ። እጃቸው ወርቅ ነው። የተጣመመ ቸርኬ በዓይን ብቻ ያቀናሉ፣ ቡሎን የሚያጠብቁት በጆሮ ነው፣ ጥጥ ሲል ያቆማሉ። ይህን ሳይክል የወሰድኩላቸው ቀን መጀመሪያ የፈለጉት የላይኛውን ዘንግ ሞርሳ ውስጥ አስገብተው መንከስ ነበር። "ጋሼ፣ በፈጠረዎ!" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ያ ቱቦ መሃሉ ላይ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሞርሳ ከነከሰው አለቀለት። መያዝ ካለበት በኮርቻው ምሰሶ ነው። እሺ አሉኝ። ከዚያ የምሰሶውን ማጥበቂያ ቡሎን ሊያስሩ ሲሉ የአክስቴ ልጅ ትቶልኝ የሄደውን ቶርክ ሬንች ሰጠኋቸው። ይህ ቁልፍ የተፈቀደለት ልክ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። እኛ ያደረግነው 5 ኒውተን ሜትር ላይ ነው፣ ቡሎኑ አጠገብ እንደተጻፈው። 5 ኒውተን ሜትር ማለት አስር ሴንቲ ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ አምስት ኪሎ ገደማ ማንጠልጠል ነው። ምንም ማለት አይደለም። ቀጭ አለ።

"በቃ? ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው ጋሼ።"

"ይሄማ በጣት ይፈታል።"

ሊጨምሩበት ሲሉ መለመን ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ምሰሶው ላይ የሚቀባውን ለካርቦን የተሰራ ቅባት አውጥቼ ነበር። በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸቱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። "አሸዋ ገብቶበታል፣ ጣለው።" አሸዋው ሆን ተብሎ የገባ ነው! ቅባቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንክብሎች ምሰሶውንና ቴላዮውን እርስ በርስ ያናክሷቸዋል፣ ስለዚህ ቡሎኑን ብዙ ሳያጠብቁ ኮርቻው አይንሸራተትም። ተራ ግራሶ ከቀባችሁበት ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ታጠብቃላችሁ፣ ስታጠብቁ ይሰነጠቃል። ኮርቻ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚያው የለንደን ውድድር ጣሊያናዊው ማርኮ ፎንታና የመጨረሻው ዙር ላይ ኮርቻው ተለየው፣ የቀረውን መንገድ ሳይቀመጥ ጨርሶ ነሐስ ወሰደ። እኔ እንኳን አንድ ዙር፣ ከአሞራ ገደል ዓሳ ገበያ እስከ ፒያሳ ሳልቀመጥ ንዳ ብትሉኝ እዚያው ዓሳ ሾርባዬን ይዤ እቀራለሁ።

አሁን ወደ ጎማው። እዚህ ላይ ነው የምፈላሰፈው።

የስምጥ ሸለቆ ሳይክል ነጂ ጠላቱ ግራር ነው። እሾሁ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ። ፍየል ጠባቂዎች ቅርንጫፉን ቆርጠው ጥለውት ይሄዳሉ፣ እናንተ ቁልቁል ስትበሩ አታዩትም። ከመነዳሪ (አየር የሚሞላበት የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ ለጥፋችሁ ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄዱ ሌላኛው እሾህ ይጠብቃችኋል። ይሄኛው ሳይክል ግን ከመነዳሪ የለውም። ጎማው ቸርኬው ላይ ገጥሞ በራሱ ይዘጋል፣ ውስጡ እያንዳንዱ ጎማ ላይ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለ። እሾህ ሲገባ ጢስስስ የሚል ድምጽ ትሰማላችሁ። ነጭ ጠብታ በእያንዳንዱ ዙር እግራችሁ ላይ ይረጫል። መንዳታችሁን ትቀጥላላችሁ። ድምጹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ዝም ይላል። ፈሳሹ ከቀዳዳው ሲወጣ ረግቶ ደፍኖታል። እሾሁን እዚያው መንገድ ላይ አትንቀሉት፣ ቤት ስትደርሱ ፖምፓ አጠገባችሁ ሆኖ ንቀሉት። እኔ ለካርቦኑ ሳይሆን ለዚህ ወተት ነው ሃውልት የማቆመው።

ችግሩ ይደርቃል። የሐዋሳ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጎማው ውስጥ የላስቲክ ቅርፊት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጎማውን ይዛችሁ ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፣ ሲንቦጫረቅ ካልሰማችሁ ጨምሩ። እዚህ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ሽቶና ጫማ ከምታዝዙ አንድ ጠርሙስ እዘዙ።

ሌላው ጉድ ቫልቮላው ነው። ቀጭን፣ አፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያለው ዓይነት ነው፣ የጎሚስታው ማሽን አይገባበትም። ማገናኛ ትንሽ ነሐስ አለች፣ እሷን ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ነው። ማገናኛዋን ይዛችሁ ብትሄዱም ግን ጎሚስታው በራሱ ሂሳብ እንዳይነፋላችሁ። እሱ ድንጋይ እስኪሆን ነው የሚነፋው፣ "ይጠንክርልህ" ብሎ፣ ለደግ አስቦ። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ሰፋ ላለ ከመነዳሪ አልባ ጎማ የአየር ግፊቱ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ቢሆን ይበቃል። በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ የሚል። እንደዚያ ሲሆን ጎማው ድንጋዩን አቅፎ ያልፋል፣ አፈሩን ይነክሳል። ከኋላ ስፕሪንግ ለሌለው ሳይክል ትልቁ ስፕሪንግ ይሄ አየር ነው። 40 አድርጋችሁ ነፍታችሁ "ሃርድቴይል ወገቤን ፈጀው" ብላችሁ እኔ ጋ እንዳትመጡ።

ወገብ ካነሳን ኮብልስቶኑን ላውራ። ሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ለሃርድቴይል ቅጣት ነው፣ በ20 ፒ.ኤስ.አይ.ም ቢሆን። ታቦርን ወጥቼ ወርጄ ያላመመኝ ወገብ ቤቴ አጠገብ ያለው ኮብልስቶን ላይ ነው የሚያመኝ። ድንጋዩ ትንንሽ ሆኖ ተከታታይ ስለሆነ ሰውነት የሚያርፍበት ጊዜ የለውም። መላው ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብሎ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማለፍ ነው። ባጃጅ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ሆኖ ነው ብለው ያያሉ። ይዩ።

የፊት አሞርዛተሩ የአየር ነው፣ የራሱ ትንሽ ፖምፓ አለው፣ ስትቀመጡበት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል እንዲወርድ አድርጋችሁ ትሞሉታላችሁ። መሪው ላይ ያለችውን ማንሻ ስትጫኑ ይቆለፋል፣ አስፋልት ላይ ደስ ይላል። ዘይቱን አንዳንዶቹ ሰሪዎች በየ50 ሰዓቱ ቀይሩ ይላሉ። የእኛን አቧራ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እላለሁ። ከየጉዞው በኋላ የሚያብረቀርቀውን እግሩን በንጹህ ጨርቅ መጥረግ ግን ማንም ሊሰራው የሚችል ነገር ነው፣ ጎሚኒውን የሚበላው እዚያ የሚቀረው አቧራ ነው። ካቴናውም እንዲሁ። የሞተር ዘይት አታፍስሱበት። ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ሞረድ ይሆንና ማርሹን ይበላዋል።

ቁልቁለት ላይ ሃርድቴይል አይዋሽም። የተሳሳተ መስመር ከያዛችሁ ወዲያው ተረከዛችሁ ይነግራችኋል። የድሮዎቹ የውድድር ሳይክሎች የፊታቸው ቱቦ 70 እና 71 ዲግሪ ሆኖ ቀጥ ያለ ነበር፣ ቁልቁለት ላይ በመሪው ላይ ሊያሽቀነጥራችሁ የሚፈልግ ይመስላል። አዳዲሶቹ ወደ 67 እና 68 ወርደዋል፣ የፊት ጎማው ራቅ ብሎ ከፊታችሁ ይቀድማል፣ በዚያ ላይ መሪው ሰፊ ነው። ብዙ ሰው ክብደት ሲጠይቅ እኔ ይህን ነው የምጠይቀው። አሮጌ ካርቦን ከምትገዙ አዲስ ቅርጽ ያለው አሉሚኒየም ግዙ።

መግዛት ካነሳን፣ አሁን አሁን ያገለገሉ የካርቦን ሳይክሎች አልፎ አልፎ ሲሸጡ አያለሁ። ተጠንቀቁ። መጀመሪያ እጠቡት፣ ጭቃ ብዙ ነገር ይደብቃል። ፔዳሉ አካባቢ ያለውን ከታች እዩት፣ የድንጋይ ምት ያለው እዚያ ነው። ካቴናው አጠገብ ያለውን ዘንግ እዩ፣ ካቴና ወልቆ ከቧጠጠው ክሩ ይታያል። የኮርቻውን ምሰሶ አውጡት፣ እንቢ ካለ ሳይክሉን ለባለቤቱ ሰላም ብላችሁ መልሱለት። ከዚያ ሳንቲም ይዛችሁ ቴላዮውን ቀስ እያላችሁ ኳኩ። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ ድምጽ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ድምጹ ይፈዛል፣ ካርቶን እንደመምታት። ውፍረቱ በተለያየበት ድምጹም ይለያያልና በግራ የመታችሁትን በቀኝም መትታችሁ አወዳድሩ። ስቲከር ተለጥፎበት ካያችሁ ደግሞ ስቲከሩ ለምን እዚያ እንደተለጠፈ ጠይቁ።

አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ካርቦኑን ተዉት። ደህና አሉሚኒየም ሃርድቴይል፣ አየር ያለው የፊት አሞርዛተር፣ ከመነዳሪ አልባ ጎማ። እሱ በቅቷችሁ ታቦር ላይ እኔን ትቀድሙኛላችሁ፣ ቀድማችሁኝም የምታውቁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም።

ብዙ ሰው "ልሞክረው?" ይለኛል። እሺ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ታቦር ስር አለሁ። የራሳችሁን ሄልሜት ይዛችሁ ኑ፣ ሳይክሉ የአደራ ነው። ኮርቻው ዝቅ ይበል ከፍ ይበል ካላችሁ ንገሩኝ፣ ቶርክ ሬንቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በራሳችሁ ቁልፍ እንዳትነኩብኝ ብቻ።